ልጄ ከማያውቀው ሰው ጋር ሲጻጻፍ አገኘሁት፤ ስልኩን ቀማሁት። ቀጥሎስ?

ጥያቄው የአንድ አባት ነው። በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ልጄ 11 ዓመቱ ነው። ስልክ ከገዛንለት ሰባት ወር ሆነው። ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ተደብቆ ሲጫወት ደጋግሜ ይዤዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ በጨዋታው ውስጥ ከማያውቀው ሰው ጋር ሲጻጻፍ አገኘሁት። ሰውየው 13 ዓመቴ ነው ብሎታል፤ የጨዋታ ዕቃም በስጦታ ልኮለታል፤ በመጨረሻ ‹ወደ ሌላ መተግበሪያ እንሂድ፣ እዚያ ይሻላል› ይለዋል። ስልኩን ቀማሁት፤ ጨዋታውንም ከስልኩ ላይ አጠፋሁት። ልጁ ከዚያ ወዲህ አያናግረኝም። ባለቤቴ ስልኩን መልሰን፣ የሚጽፈውን ሁሉ የሚያሳየን መተግበሪያ በድብቅ እንጫንበት ትላለች። ምን ይሻላል? በቀንስ ስንት ሰዓት ልፍቀድለት?»

ወንድሜ፣ ልጆችና ወላጆች በስልክ ሰበብ ሲኳረፉ ማስታረቅ የዕለት ሥራዬ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄዎ እንግዳ አልሆነብኝም። አንድ ነገር ግን ደስ አሰኝቶኛል። ብዙ ወላጅ «ስንት ሰዓት ልፍቀድ?» ብሎ ይጀምርና የማያውቁትን ሰው ጉዳይ መጨረሻ ላይ እንደ ዘበት ያነሳዋል። እርስዎ ሰዓቱን ከሥር አስቀምጠውታል፤ ቦታውም እዚያው ነው። እኔም በዚያው ቅደም ተከተል እመልሳለሁ።

ከሰውየው ልጀምር። ማንነቱን እኔም እርስዎም አናውቅም። በእርግጥም የ13 ዓመት ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ልጆች በጨዋታ ላይ ተዋውቀው ወዳጅ ይሆናሉ፣ ዕቃም ይሰጣጣሉ። የሚያሳስበኝ የነገሮቹ አሰላለፍ ነው፤ መጀመሪያ እኩያ ሆኖ መቅረብ፣ ቀጥሎ ስጦታ፣ ከዚያ «ወደ ሌላ ቦታ እንሂድ»። ሕፃናትን የሚያጠምዱ ሰዎች የሚሄዱበት መንገድ ይኸው ነው፤ ቀጣዩ እርከን ደግሞ «ለአባትህ እንዳትነግር» የሚለው ነው። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባል የለ? ማንም ማንንም በማያይበት ቦታ ስምም፣ ዕድሜም፣ ፎቶም መዋስ ቀላል ነው።

መተግበሪያ መቀየሩ ለምን እንደሚፈለግ ማወቅ ይጠቅምዎታል፤ ለልጁም የሚያስረዱት እሱን ነው። ልጆች የሚያዘወትሯቸው ትልልቅ ጨዋታዎች የጽሑፍ መልእክቱን በማሽን ያጣራሉ፤ ነውረኛ ቃል ያግዳሉ፣ ስልክ ቁጥር ሲጻፍ ይሸፍናሉ፣ አቤቱታ የሚቀበል ክፍልም አላቸው። ማጣሪያው ወንፊት ነው እንጂ ግድግዳ አይደለም፤ ቢሆንም አለ። ልጁ የሚጋበዝበት ሌላው መተግበሪያ ግን ፎቶ የሚላክበት፣ በቪዲዮ የሚወራበት፣ አንዳንዴም መልእክቱ ከተነበበ በኋላ ራሱን የሚያጠፋበት ነው። ስጦታውም የዋዛ ነገር አይደለም። ጨዋ ሆኖ ያደገ ልጅ የተደረገለትን ውለታ ሳይመልስ መቅረት ያሳፍረዋል። ወጥመዱ ብዙ ጊዜ የሚይዘው ባለጌውን ሳይሆን ይሉኝታ የሚያውቀውን ልጅ ነው።

አሁን ዛሬ ማታ ስለሚደረገው። ጨዋታውን ከስልኩ ላይ ማጥፋትዎ የልጁን አካውንት አላጠፋውም፤ አካውንቱ ያለው በኩባንያው ኮምፒውተር ላይ ነው። መልሰው ይጫኑት፤ ከልጁ ጋር አብረው ተቀምጠው፣ እሱ በራሱ እጅ የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ይክፈተው። ንግግሩ አሁንም እዚያ ካለ የስክሪኑን ምስል አንስተው ያስቀምጡ፤ የሰውየው የመለያ ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ እንዲታይ ያድርጉ። ከዚያ በጨዋታው ውስጥ ባለው ማመልከቻ ለኩባንያው ያመልክቱ፤ ሰውየውን የሚያግዱት ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው፤ አስቀድመው ካገዱት ንግግሩ ከፊትዎ ሊሰወር ይችላል። በልጁ ስም ሆነው ለሰውየው መልስ አይጻፉ፣ ላጥምደው ብለውም አይሞክሩ። ንዴትዎ ይገባኛል። ነገር ግን ብልጥ ሰው የአጻጻፍ ለውጥን ወዲያው ያውቃል፤ አካውንቱን ዘግቶ በሌላ ስም ይመጣል፤ ፖሊስ ሊከታተል የሚችለውን ዱካም ያጠፉበታል።

ከልጁ ማወቅ ያለብዎት ነገር ጥቂት ነው። ሰውየው ፎቶ ጠይቆታል ወይ? ልኮለታል ወይ? የት እንደሚኖር፣ የት እንደሚማር ነግሮታል ወይ? በምስጢር ያዘው ተብሏል ወይ? እነዚህን እንደ መርማሪ ጠረጴዛ ተሻግረው ፊት ለፊት አፍጥጠው አይጠይቁት። መንገድ ስትሄዱ ወይም አንድ ሥራ አብራችሁ ስትሠሩ፣ ጎን ለጎን ሆናችሁ ይጠይቁት፤ ልጆች የከበደ ነገር የሚናገሩት ዓይን ለዓይን በማይተያዩበት ጊዜ መሆኑን በሥራዬ ደጋግሜ አይቻለሁ። «ለምን አደረግህ?» ከሚለው ይልቅ «እሱ ምን አለህ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ያስወራል። ለምን የሚለው ጥፋቱን ወደ ልጁ ይወስደዋል፤ ሌላው ጥፋቱን ባለቤቱ ጋ ይተወዋል።

ምናልባት ፎቶ ልኬያለሁ ቢልዎት፣ በተለይም ገላ የሚያሳይ ፎቶ ከሆነ፣ ፊትዎ ላይ የሚያነበው የመጀመሪያው ነገር ድንጋጤም ቁጣም እንዳይሆን ይጣሩ። ይህን ስል ለወጉ ያህል አይደለም። የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2021 እስከ መጋቢት 2023 ባሉት ወራት (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሕፃናትን በፎቶ አስፈራርቶ ገንዘብ የመጠየቅ ወንጀልን የሚመለከቱ ከ13,000 በላይ ጥቆማዎች መድረሳቸውን አስታውቋል። ተጠቂዎቹ ቢያንስ 12,600 ሲሆኑ አብዛኞቹ ወንዶች ልጆች ነበሩ፤ ቢያንስ 20 ልጆች ራሳቸውን አጥፍተዋል። ሴት ልጅን ብቻ መጠበቅ የለመደ ወላጅ ይህን ቁጥር ሁለት ጊዜ ያንብበው። ልጆቹን ለሞት ያበቃቸው ፎቶው ብቻ አልነበረም፤ «ጉዳዩ ከታወቀ ሕይወቴ አበቃለት» ብሎ ለብቻ ማመን ነበር። ስለዚህ ልጁ መጀመሪያ የሚሰማው ነገር «ጥፋቱ የሰውየው ነው፤ ይህ ነገር ያልፋል፤ እኔ አለሁ» የሚል ይሁን።

ገንዘብ ከተጠየቀ አይክፈሉ፤ የከፈለ ሰው እንደገና ይጠየቃል። ለፖሊስ ያመልክቱ። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። የሕፃንን እርቃን የሚያሳይ ምስል ለማስረጃ ብሎ መቅዳትም ሆነ ለሌላ ሰው ማስተላለፍ በብዙ አገሮች ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ የወላጅ ቅን ልብ ሁልጊዜ አያድንም። የማስፈራሪያውን ጽሑፍና የመለያ ስሙን ያስቀምጡ፤ ምስሉን ግን ለዘመድ፣ ለመምህር፣ ለጓደኛ አይላኩ። የጠፉና የተበደሉ ሕፃናትን ጉዳይ የሚከታተለው የአሜሪካ ብሔራዊ ማዕከል በ2023 የከፈተው ቴክ ኢት ዳውን የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ። አንድ ሰው 18 ዓመት ሳይሞላው የተነሳው የእርቃን ፎቶ ወይም ቪዲዮ ካለ፣ አገልግሎቱ በራስዎ መሣሪያ ላይ ከምስሉ የቁጥር አሻራ ያወጣል። ወደ ማዕከሉ የሚሄደው አሻራው ብቻ ነው፤ ምስሉ ከስልኩ አይወጣም። በአገልግሎቱ የታቀፉት የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች በዚያ አሻራ ምስሉን ፈልገው ያነሱታል።

ወደ ቀሙት ስልክ እንምጣ። እዚህ ላይ ቅር እንዳይሉኝ እንጂ፣ ቅዳሜ ዕለት ያደረጉት ነገር ሰውየውን ሳይሆን ልጁን ነው የቀጣው። በልጁ ዓይን ይዩት፤ አንድ የማያውቀው ሰው አጠገቡ መጣ፣ አባቱ አየ፣ ቅጣቱ በእሱ ላይ ወረደ። የተማረው «እንግዳ ሰው አደገኛ ነው» የሚለውን ሳይሆን «አባቴ ካየ ስልኬን አጣለሁ» የሚለውን ነው። በሌላ ቀን እውነተኛ አደጋ ሲመጣ ይህን ሒሳብ ያሰላል። በእኔ ፊት የተቀመጡ ልጆችን «ለምን መጀመሪያውኑ ለእናትህ አልነገርህም?» ብዬ ስጠይቅ የሚበዛው መልስ አንድ ነው፤ «ስልኬን ትወስደዋለች።» ፍርሃቱ ከሰውየው አይደለም፤ ከእኛ ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላል የአገራችን ሰው፤ ነገር ግን በሽታውን በተናገረ ቁጥር ጅራፍ የሚቀምስ በሽተኛ ቢደብቅ ምን ይገርማል? ማንኛውንም የስልክ ሕግ፣ ማንኛውንም መቆጣጠሪያ የምመዝንበት ሚዛን ይህ ነው፤ ልጁ ነገር ሲበላሽበት ወደ እኔ እንዲመጣ ያደርገዋል ወይስ ያርቀዋል? ማጣሪያው ይሰበራል፣ የይለፍ ቃሉ ይታወቃል፣ ልጁ የጓደኛውን ስልክ ይዋሳል። በሁሉም ቦታ አብሮት የሚሄደው ወደ እርስዎ መምጣት መቻሉ ብቻ ነው።

ስለዚህ ስልኩን ይመልሱለት፤ ሲመልሱም ይቅርታ ይጠይቁት። አዎ፣ ይቅርታ። «ስልክህን የወሰድኩት ደንግጬ ነው፤ የተሳሳተው ሰውየው ነው፣ አንተ አይደለህም» ማለት አባትነትን አያሳንስም። ከዚያም አንድ ቃል ይግቡለት፤ «ራስህ መጥተህ በነገርከኝ ነገር ስልክህን አልወስድብህም።» ይህን ቃል አንዴ ካፈረሱት ሁለተኛ አይሰጡትም፤ ስለዚህ ሊጠብቁት የማይችሉ ከሆነ ከመጀመሪያው አይግቡት።

ባለቤትዎ ያሰቡትን በድብቅ የመሰለል ነገር አልደግፈውም። ፍርሃታቸውን ግን አልንቀውም፤ እናት ናቸው፣ መልእክቱን አይተዋል። የማልደግፈው በሦስት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ተራ ነገር ነው፤ የ11 ዓመት ልጅ ያገኘዋል። ባትሪው ቶሎ ሲያልቅ፣ ስልኩ ሲሞቅ፣ ወይም ወላጁ ሊያውቅ የማይገባውን ነገር ሲናገር ይነቃበታል። ሁለተኛው፣ የሚያዩትን ነገር ሊጠቀሙበት አይችሉም። አንድ አስጊ መልእክት ቢያነቡ ወይ ዝም ማለት ወይ «ስሰልልህ ነበር» ብሎ መናዘዝ ነው፤ ሁለቱም መንገድ ዝግ ነው። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። እነዚህ መተግበሪያዎች የልጅዎን መልእክት፣ ፎቶና ያለበትን ቦታ ሁሉ ወደ ሻጩ ኮምፒውተር ይልካሉ፤ ከእነዚህ ሻጮች ብዙዎቹ ደግሞ ተዘርፈው የደንበኞቻቸው መረጃ ሜዳ ላይ ወጥቷል። ልጁን ከአንድ እንግዳ ለማዳን ገመናውን ለማናውቃቸው ብዙ እንግዶች ማስረከብ ይሆናል።

የልጁ መብትም አለ። የ1989ኙ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 16 የሕፃንን ግላዊነት ይጠብቃል። ስምምነቱን የሚከታተለው ኮሚቴ በ2021 ባወጣው 25ኛ አጠቃላይ አስተያየት ላይ ደግሞ፣ ወላጆች በልጃቸው የኢንተርኔት አጠቃቀም ላይ የሚያደርጉት ክትትል የተመጣጠነና ከልጁ እያደገ ከሚሄድ ችሎታ ጋር የሚስማማ እንዲሆን ይመክራል። ይህ ማለት ለ6 ዓመት ልጅ ስክሪኑን ከጎኑ ሆኖ ማየት ተገቢ ነው፤ ለ16 ዓመት ልጅ መልእክቱን አንድ በአንድ ማንበብ ተገቢ አይደለም። የእርስዎ ልጅ መካከል ላይ ነው፤ ክትትል ያስፈልገዋል፤ ግን የሚያውቀው ክትትል።

ለዚህም መሣሪያው ስልኩ ውስጥ አለ። በአንድሮይድ ስልክ ላይ የጉግል ፋሚሊ ሊንክ፣ በአይፎን ላይ ስክሪን ታይም የሚባለው፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው። አዲስ መተግበሪያ ሲጫን ወላጅ እንዲፈቅድ ማድረግ፣ የመኝታ ሰዓት መወሰን፣ ለዕድሜ የማይመጥን ነገር ማገድ ይቻልባቸዋል። ለእርስዎ ልጅ ከሁሉም የሚበልጠው የመጀመሪያው ነው፤ ሰውየው የጋበዘው መተግበሪያ ያለ እርስዎ ፈቃድ አይጫንም ነበር። ቅንብሩን ከልጁ ጋር ቁጭ ብለው ይሙሉት፤ ምን እንደሚያዩና ምን እንደማያዩ በግልጽ ይንገሩት። ቀጥለው ወደ ጨዋታው የራሱ ቅንብር ይግቡ፤ የመልእክት ልውውጡን «ጓደኛ ብቻ ይጻፍልኝ» ወይም «ማንም አይጻፍልኝ» ከሚሉት መካከል መምረጥ ብዙውን ጊዜ ይቻላል። ከዚያ የጓደኛ ዝርዝሩን አብራችሁ ተመልከቱ፤ በአካል የማያውቀው ሰው ካለ ማን እንደሆነ ይጠይቁት። ብዙ ወላጅ የስልኩን መቆጣጠሪያ ሞልቶ ይህን የጨዋታ ቅንብር ይረሳል፤ በሩን ቆልፎ መስኮቱን እንደ መተው ነው።

ልጁ መቆጣጠሪያውን ለማለፍ መሞከሩ አይቀርም። የስልኩን ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሳል፣ በመተግበሪያ የተከለከለውን በድረ ገጽ ይከፍታል፣ መሳቢያ ውስጥ የተረሳ አሮጌ ስልክ ያስነሳል፣ ወላጁ ቁጥሩን ሲጫን በመስታወት ነጸብራቅ ያነባል። (ይህን የመጨረሻውን ያደረገች የ9 ዓመት ልጅ አውቃለሁ፤ ተቆጥቼ ከመጨረሴ በፊት ሳቄ አመለጠኝ።) ሲያገኙት አጥሩን ጠግነው ይለፉ፤ የጦርነት ጉዳይ አያድርጉት።

ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ስለሚጫወተው ግን ጠንከር ይበሉ። ከሁሉም ሕጎች አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን ነው፤ ስልክ መኝታ ክፍል ውስጥ አያድርም። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት እንዳለበት የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2016 አስታውቋል። ከዚያ ያነሰ የሚተኛ ልጅ ትኩረቱ ይበተናል፣ ይነጫነጫል፤ እኛም ጸባዩ ተበላሸ ብለን ሌላ ምክንያት እንፈልጋለን። ለደኅንነቱም ቢሆን ሌሊት ነው ክፉው ሰዓት፤ ቤተሰብ ተኝቷል፣ ልጁ ደክሟል፣ ብቻውን ነው። አስፈራሪዎች የሚወዱት ይህንኑ ነው። ሁሉም ስልክ ሳሎን ውስጥ አንድ ቦታ ተሰክቶ ይደር። ሁሉም ስል የእርስዎንም፣ የባለቤትዎንም ማለቴ ነው። «እኔ ለማንቂያ ደወል ነው የምፈልገው» የሚል አባት የጠረጴዛ ሰዓት ይግዛ።

በሰዓቱ ጉዳይ የሚጠብቁትን ቁጥር አልሰጥዎትም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ያወጣው መመሪያ ከ5 ዓመት በታች ላሉት ብቻ ነው፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉ ልጆች ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ቢያንስም የተሻለ መሆኑን ይናገራል፤ ከዚያ በታች ላሉ ሕፃናት ጨርሶ አይመክርም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2016 ከ6 ዓመት በላይ ላሉ ልጆች የሰዓት ቁጥር ሳይወስን፣ እንቅልፍን፣ እንቅስቃሴንና ሌላውን ሕይወት የማይነካ ቋሚ ገደብ ቤተሰቡ ያብጅ ብሎ አልፏል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ሥዕል የሚሠራ ልጅና አንድ ሰዓት ሙሉ አጫጭር ቪዲዮ በአውራ ጣቱ የሚያገላብጥ ልጅ አንድ ዓይነት ነገር አላደረጉም። እኔ የምጠይቀው ይህን ነው፤ ተኝቷል ወይ? ከቤት ወጥቶ ሮጧል ወይ? የቤት ሥራውን ሠርቷል ወይ? ከጓደኞቹ ጋር በአካል ይገናኛል ወይ? ለአራቱም መልሱ አዎ ከሆነ የቀረው ሰዓት ብዙ አያስጨንቀኝም።

የማቆሙ ጠብ ግን የተለየ ነው፤ መድኃኒቱም ሌላ ነው። እነዚህ ነገሮች ማብቂያ እንዳይኖራቸው ሆነው ተሠርተዋል። አዛ ራስኪን የተባለ ንድፍ ሠሪ በ2006 ማለቂያ የሌለውን ገጽ ሠራ፤ ቀድሞ ገጹ ሲያልቅ ሰው «ቀጣይ» የሚለውን ይጫን ነበር፣ ያች ቅጽበት «ይበቃኛል» የሚልባት ቅጽበት ነበረች፤ እሷ ጠፋች። ራስኪን በኋላ በሠራው ነገር እንደተጸጸተ በአደባባይ ተናግሯል። ስለዚህ የጠፋውን ማብቂያ እኛ እንመልስ። ገደቡን በደቂቃ ሳይሆን በራሱ በጨዋታው መለኪያ ያድርጉት፤ «ሁለት ዙር»፣ «አንድ ክፍል»። በብዙ የቡድን ጨዋታዎች ዙሩ ሳያልቅ የወጣ ልጅ ይቀጣል፣ ቡድኑንም ያሸንፉበታል፤ መሀል ላይ «አሁኑኑ ዝጋ!» ሲሉት የሚያለቅሰው ስለባለገ ብቻ አይደለም። «ይህ ዙር ስንት ደቂቃ ቀረው?» ብሎ የሚጠይቅ አባት ግማሹን ጠብ አስቀርቷል። ቪዲዮው ራሱን እያከታተለ እንዳይከፍትም በቅንብሩ ያጥፉት።

አንድ ነገር ደግሞ ዛሬውኑ ይፈትሹ፤ ልጁ አካውንቱን ሲከፍት የትኛውን የልደት ዓመት አስገብቷል? ብዙ መተግበሪያዎች ላይ የሚያዩት የ13 ዓመት ገደብ የመጣው በ1998 ከወጣ የአሜሪካ ሕግ ነው። ሕጉ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅን መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ መሰብሰብን ይከለክላል፤ ስለ ልጁ ብስለት የሚናገረው ነገር የለም። ስለዚህ ልጁ 13 ሲሞላው «አሁን ደረሰ» ማለት አይደለም፤ አውስትራሊያ ለማኅበራዊ ሚዲያ 16 ዓመትን ወስና ከታኅሣሥ 2025 ጀምሮ ተግባራዊ አድርጋለች። ለእርስዎ የሚበልጠው ግን የውሸቱ መዘዝ ነው። የ11 ዓመት ልጅ ከእውነተኛው የልደት ዓመቱ 10 ዓመት ቀድሞ የተወለደ አስመስሎ ቢሞላ ኩባንያው የ21 ዓመት ጎልማሳ አድርጎ ያየዋል። ለምሳሌ ኢንስታግራም ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ላሉት አካውንቱን በራሱ ዝግ ያደርገዋል፣ የማያውቁት ሰው መልእክት እንዳይልክላቸውም ይገድባል። የተዋሸው ዓመት ይህን ሁሉ ጥበቃ ያስወልቅበታል። አንዳንዴም ቶሎ እንዲከፈት ብለን ዓመቱን የምንዋሽለት እኛው ነን።

ስለ ገንዘብ ባጭሩ ልበል። የባንክ ካርድዎን በልጁ አካውንት ላይ ተቀምጦ አይተዉት። በውስጡ ምን እንዳለ ሳይታወቅ የሚገዛ «ዕድል ሣጥን» ያለበት ጨዋታ ከሆነ ከቁማር ለይቼ አላየውም፤ ቤልጅየምም በ2018 አንዳንዶቹን ቁማር ብላ አግዳቸዋለች። ስኪነር የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ እህል መቼ እንደሚወድቅላቸው የማያውቁ እርግቦች ከሌሎቹ ይልቅ ሳይታክቱ እንደሚጠቁሙ ያሳየው ገና ስልክ በኪስ ሳይያዝ ነው። ሣጥኑ የተሠራው በዚያው ብልሃት ነው።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያወሩ መተግበሪያዎችም ወደ ልጅዎ መድረሳቸው አይቀርም፤ ምናልባት ደርሰዋል። ለልጁ ይህን ያህል ይንገሩት፤ ማሽኑ እርግጠኛ መስሎ ይሳሳታል፣ የሚያስደስትህን መልስ ለመስጠት ይቀናዋል፣ ምስጢር ጠባቂህም አይደለም። ስምህን፣ ትምህርት ቤትህን፣ ፎቶህን አትስጠው። የሚያሳዝንህ ነገር ሲኖር ማሽኑን ከመጠየቅህ በፊት ሰው ጠይቅ።

እስካሁን ልጁን እንደ ተጠቂ ብቻ ነው ያየነው። እሱም ሌላውን ሊጎዳ ይችላል፤ በቡድን መልእክት ላይ አንዱን ልጅ ሲሳለቁበት አብሮ ሊስቅ፣ የጓደኛውን አስቂኝ ፎቶ ሳይጠይቅ ሊበትን ይችላል። «የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ አይለጠፍም» ብለን ከማስተማራችን በፊት ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት። የልጅዎን ፎቶ ለመጨረሻ ጊዜ ሲለጥፉ ጠይቀውታል? ብዙ ወላጅ እዚህ ላይ ዝም ይለኛል። የልጁ የትምህርት ቤት መለዮ የሚታይበት፣ የልደት ቀኑ የተጻፈበት ፎቶ ያ ሰውየ ለመጠየቅ የሚደክምበትን ሁሉ በነፃ ያድለዋል። የድሮዎቹን አብራችሁ እያያችሁ እሱ ያልወደደውን ያጥፉለት። ፈቃድ ምን ማለት እንደሆነ ከንግግርዎ ይልቅ ከዚያ ይገባዋል።

ከልጁ ጋር ስትነጋገሩ፣ ሰውየው የጋበዘው ወደ የትኛው መተግበሪያ እንደነበር ጠይቀው ይጻፉልኝ። ቅንብሩ እንደየመተግበሪያው ይለያያል፤ ልጁ እዚያም አካውንት ከፍቶ ከሆነ እንዴት እንደሚዘጋው አብረን እናያለን። ፎቶ ተልኮ ከሆነ ግን የእኔን መልስ አይጠብቁ፤ ከላይ የጻፍኩትን ዛሬውኑ ያድርጉ፤ ዛሬ ሌሊት ደግሞ ልጁ ብቻውን አይደር።